የመርከብ መሪና የአገር መሪ

ጋምቤላ ከባሕር እጅግ የራቀች ብትሆንም የመርከብን ጠባይ ከብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች ይልቅ ታውቀዋለች። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጋምቤላ ይደርሱ፥ የምዕራብ ኢትዮጵያንም ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመልሷል። መርከቦቹ የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት ወራት ብቻ ስለ ነበረ፥ የውሃውን መጉደል በጊዜው ያላስተዋለ አዛዥ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ክረምት ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ውሃው ማዕረጉን አይጠይቀውም።

ይህ ፈተና በውቅያኖስ ላይ ብቻውን በሸራ ለሚጓዝ ሰው ይበልጥ ይጸናል፤ አዛዡም ሎሌውም እርሱ ራሱ ነውና። ጆሹዋ ስሎከም ስፕሬይ በተባለች ጀልባው በ1887 ዓ.ም. ከቦስተን ተነሥቶ ዓለምን ብቻውን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ የተመለሰውም በ1890 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይተኛል? ስሎከም ሸራዎቹን ከነፋሱ ጋር አስማምቶ መሪውን በገመድ ያስረው ነበር፤ ጀልባዋም መንገዷን ሳትስት ትሄዳለች። በሕንድ ውቅያኖስ 23 ቀን በፈጀ ጉዞው መሪውን የያዘበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ከሦስት ሰዓት እንደማይበልጥ ራሱ ጽፏል። ሹሙ ለአንድ ቀን ሲታመም ማኅተሙ ከመሳቢያ የማይወጣበት፥ ባለ ጉዳዩም «ነገ ተመለስ» የሚባልበት መሥሪያ ቤት ግን ሸራው ያልተስማማ ጀልባ ነው፤ ሹሙም ይህንን የትጋቱ ምስክር አድርጎ ይቈጥረዋል!

ሁለተኛው ታሪክ ያሳዝናል። በ1961 ዓ.ም. ዶናልድ ክሮኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ዓለምን ብቻ በመዞር ውድድር ገባ። ጀልባው ለታላቁ ማዕበል እንዳልተዘጋጀች ባወቀ ጊዜ መመለስን አፈረ፤ ገንዘብ ያበደሩትና በጋዜጣ ያመሰገኑት ብዙዎች ነበሩና። ስለዚህ በደቡብ አትላንቲክ እየተንከራተተ ሩቅ እንደ ደረሰ በሬዲዮ ያስነግር ጀመር፤ እውነተኛውንና የሐሰቱንም የጉዞ ሒሳብ ለየብቻ ይጽፍ ነበር። በሐምሌ ወር ጀልባይቱ ባዶዋን ተገኘች፤ እርሱ ግን አልተገኘም። በ312 ቀን ዙሩን የጨረሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን የተሸለመውን 5,000 ፓውንድ ለሟቹ ቤተ ሰብ ሰጠ።

ክሮኸርስትን መውቀስ ቀላል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው መዝገብ ለምን እንደሚጻፍ ነው። ክፉ ወሬ በሰማ ቁጥር የሚቈጣ አለቃ ከበታቾቹ የሚቀበለው ሁልጊዜ የሐሰቱን መዝገብ ነው። ይህ ከቤታችንም አይርቅም፤ አባቱን የሚፈራ ልጅ የወደቀበትን የፈተና ወረቀት የት እንደሚደብቅ እናቶች ያውቃሉ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ የጋምቤላን ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን ወረዳዎች ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የቀበሌው ጸሐፊ ቤታቸውን ውሃ የወሰደባቸውን ይቈጥራል። ቍጥሩን ቢያሳንስ ቸልተኛ ከመባል ይድናል፤ ቢያበዛ ተጨማሪ እህል ያገኝ ይሆናል። ወረዳው የጸሐፊውን፥ ክልሉ የወረዳውን፥ አዲስ አበባም የክልሉን ቍጥር አምኖ ጀልባና ስንዴ ይልካል። ቍጥሩ የተጻፈው ግን በዚያች ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ነው፤ ጸሐፊውም ብቻውን ነበረ።