የማጉያው ባለቤት ማነው?

በግቢያችን ውስጥ አንድ አዲስ የሮክ ባንድ መቋቋሙን ከአንባብያን ብዙዎቹ ሰምተው ይሆናል። ያልሰሙ ቢኖሩ ከራት በኋላ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ወዳለው አሮጌ ክፍል ጠጋ ይበሉ። ልጆቹ አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ከምሕንድስና፤ ሁለቱ ከኛው ከአርትስ ፋኩልቲ። ባንዱ ገና ስም አልወጣለትም። ድራም ስለሌላቸው መቺው ባዶ ጀሪካን ይደበድባል። ከቤዝ ጊታሩም አንድ ክር ጐድሏል።

እንዲህም ሆኖ በባቲ ቅኝት የሠሩት የራሳቸው ዘፈን አላቸው። የወር መጨረሻ ደርሶ ኪሱ ባዶ ስለሆነ፤ ወደ ቤቱም ለመደወል ስላፈረ ተማሪ የሚናገር ነው። እውነቱን ለመናገር ዘፋኙ ቃሉን ይውጣል፤ ጊታረኛውም ማቆሚያውን አያውቅም። ዳሩ ግን ያን ዘፈን የሰማን ሁሉ ስለኛ የተዘፈነ መሆኑን ወዲያው ዐውቀናል። ከሌላ የተቀዳ ዘፈን ይህን ሊያደርግልን አይችልም።

አሁን የመጣው ችግር ይህ ነው። አንድ የከተማ የምሽት ክበብ ባለቤት ልጆቹን ጠርቶ ሙሉ ድራም፣ ጊታርና ማጉያ እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። ውሉ ሲነበብ ግን የሚጫወቱት ደንበኛ አስቀድሞ የሚያውቀውን የሌላ ሰው ዘፈን ብቻ ነው። የራሳቸውን መጫወት አልተፈቀደም። ልጆቹም ለመፈረም ተቃርበዋል። እኛ አንወቅሳቸውም፤ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ውል አያማርጥም።

ነገሩ ላገራችን አዲስ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጀምሮ፤ ዘመናዊ ሙዚቃ ለረዥም ጊዜ የመንግሥት ቤት ሥራ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ታላላቅ ሰዎችን አፍርተዋል። ይሁን እንጂ ሳክስፎኑም ደመወዙም የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ሸክላ ማሳተምም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር። ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ውስጥ የነበረው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያን ክልከላ ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ፤ ከዚያ ዘመን ዘፈን ብዙው ዛሬ ባልደረሰን።

የዋልያስ ባንድ ታሪክ ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። በዚያን ጊዜ የክበብ ባንዶች የሚጫወቱበት መሣሪያ በአብዛኛው የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ዋልያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ያዙ። ስለዚህ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሊሄዱ፤ ከባለቤቱም ጋር ቆመው ሊነጋገሩ ቻሉ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሌሊቱን በዘጋበት ጊዜ እንኳ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኃይሉ መርጊያ ጋር ያለ ዘፋኝ አንድ ሙሉ አልበም አወጡ። እንግዲህ የማጉያው ባለቤት የዘፈኑም ባለቤት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሮክ የባዕድ ነው» ይላሉ። ጥሩንባውና ፒያኖውስ ከየት መጡ? ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» በተባለው አልበሙ የሮክ ጊታርና ያገራችን ቅኝት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። ባዕድ የሚያሰኘው መሣሪያው ሳይሆን ለሰው ዘፈን ተቀጥሮ መኖር ነው።

ሌሎች ደግሞ «የማኅበሩ ገንዘብ ለታመመና ለተቸገረ ጓደኛ ይዋል» ይላሉ። ይህ ከበድ ያለ ነገር ነው፤ እኛም እንቀበለዋለን። ስለዚህ የምንጠይቀው ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። ማኅበሩ ያገለገለ ድራምና አንድ ማጉያ ይግዛ። ዓርብ ማታ አዳራሹን ይፍቀድ። ልጆቹም ከመግቢያው ዋጋ ዕዳቸውን እስኪጨርሱ በየወሩ ይክፈሉ። የተመለሰው ገንዘብ ለችግረኛው ይዋል፤ መሣሪያው ግን የባንዱ ይሁን።

ለምን የማኅበሩ ንብረት ሆኖ አይቀርም? የሚል ይኖራል። ማኅበሩም እንደ ክበቡ ባለቤት እንዳይሆን ብለን ነው። ዛሬ በደግ ልብ መሣሪያ የሚያበድር ኮሚቴ፤ ነገ «ይህ ግጥም ይውጣ፤ ይህኛው ይግባ» ማለት ያምረዋል። ስለዚህ ዘፈን የሚመረምር ኮሚቴ እንዳይቋቋም አብረን እንወስን። ልጆቹ በማኅበሩ መሪዎች ላይ ቢያፌዙም፤ በዚህ መጽሔት ጸሐፊዎችም ላይ ቢዘፍኑ፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠን እንሰማለን።

የክበቡ ባለቤት መልስ የሚጠብቀው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። የማኅበሩ ስብሰባ ከዚያ በፊት ነው። እጃችሁን ለማውጣት ኑ፤ ከመምጣታችሁም በፊት በዚያ አሮጌ ክፍል በኩል እለፉና ጀሪካኑን ስሙት።