ስም የሌለው በሽታ ባጀት የለውም

ቆረቆርን፣ ጭርትንና ቋቁቻን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ሦስቱም ከፈንገስ የሚመጡ ናቸው፤ በቆዳ ላይ ስለሚታዩም ሕዝባችን ስም አውጥቶላቸዋል፣ መድኃኒትም ሲፈልግላቸው ኖሯል። ከቆዳ አልፎ ወደ ሳንባ፣ ወደ ደምና ወደ አንጎል የሚዘልቀው ፈንገስ ግን በቤታችን ቋንቋ ስም የለውም። የሚያሳክከው ስም ሲኖረው የሚገድለው ስም አልባ ሆኖ ቀርቷል። «እናንተ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በሐኪሞች ጉዳይ ምን አገባችሁ?» ለሚሉን ወንድሞችና እኅቶች የመጀመሪያው መልሳችን ይኸው ነው። ስም የሌለው ነገር በሸንጎ አይነሣም፤ በሸንጎ ያልተነሣ ነገርም ባጀት አይመደብለትም።

ማስረጃ የሚጠይቀን ካለ እነሆ። የዓለም የጤና ድርጅት የሰውን ሕይወት የሚያሰጉ 19 የፈንገስ ዓይነቶችን ለይቶ የመጀመሪያውን ዝርዝር ያወጣው በ2022 ነው፤ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ለባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ዝርዝር ካወጣ ያን ጊዜ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። ይኸው ድርጅት በዚያን ጊዜ እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ ለተላላፊ በሽታዎች ምርምር ከሚወጣው ገንዘብ ለፈንገስ የሚደርሰው ከመቶ 1.5 እጅ በታች ነው። ከመቶ ብር አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በ2025 ባወጣው ሌላ መግለጫ ደግሞ ባለፉት 10 ዓመታት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በቻይና ባለሥልጣኖች የተፈቀዱት አዳዲስ የፈንገስ መድኃኒቶች 4 ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ለሰው የሚሰጥ የተፈቀደ የፈንገስ ክትባት እስከ ዛሬ አንድም የለም።

ይህ ቁጥር በሰው ሕይወት ሲመነዘር ምን ይሆናል? በዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠውን ክሪፕቶኮከስን እንመልከት። በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ በትንፋሽ ይገባል፤ ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው ያልፈዋል። ኤች አይ ቪ የመከላከል አቅሙን ያደከመበት ሰው ላይ ግን ወደ አንጎል ይወጣና ማጅራት ገትር ይሆናል። ሕመሙ በራስ ምታት ስለሚጀምር ቤተ ሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ቢጨምቅለት ማን ይፈርድበታል? ሌላ ስም አላስተማርነውም። በ2022 የታተመ ጥናት ይህ ማጅራት ገትር በ2020 ወደ 112,000 ሰዎችን እንደ ገደለ ይገምታል፤ ይህም ከኤድስ ጋር ከተያያዘው ሞት ሁሉ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከሁሉ የከፋው ጉዳትም የደረሰው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው።

መድኃኒቱስ? ዋናዎቹ ሁለቱ አያቶቻችን ወጣት በነበሩበት ዘመን የተገኙ ናቸው። አምፎቴሪሲን የ1950ዎቹ ግኝት ነው። ፍሉሳይቶሲንም በ1957 ለካንሰር ተብሎ ተሠርቶ ለካንሰር ስላልበጀ በኋላ ለፈንገስ የዋለ ነው። ይህ ያረጀ መድኃኒት እንኳ በአብዛኛው የአፍሪካ አገሮች ለብዙ ዓመታት ሳይመዘገብና ሳይገኝ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕመምተኛው ድሃ ስለሆነ ነጋዴው ገበያ አላየበትም።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ሁልጊዜ ለትርፍ ብቻ አይሮጥም። በ1950 ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት፣ አንዷ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሁለተኛዋ በኦልባኒ ሆነው፣ ናሙና በፖስታ እየተላላኩ ኒስታቲንን አገኙ። ከባለቤትነት መብቱ የተገኘውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ለምርምር ሰጡት እንጂ ለራሳቸው አላስቀሩም። በዚያ ገንዘብ ብዙ የፈንገስ ተመራማሪዎች ሠልጥነዋል። የኛ ፋኩልቲ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፤ በ1966 የፍሎሬንስ ከተማ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ሥዕሎቿን ከሻጋታ ለማዳን ከረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ኒስታቲን ነበር።

ገንዘብ ሲገኝ አፍሪካ ውስጥም ምን እንደሚሠራ ታይቷል። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ በ800 በሚበልጡ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። በሙከራው መሠረት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው የተሻሻለ አምፎቴሪሲን፣ ከሚዋጡት መድኃኒቶች ጋር ሆኖ፣ በየቀኑ ለአንድ ሳምንት በመርፌ ይሰጥ ከነበረው ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል፤ ጉዳቱም ያነሰ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ወዲያው ተቀብሎታል። ሐኪሞቹና ሕመምተኞቹ ያሉት አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጣ ነበር። ዕዳው የኛ፣ ቦርሳው የሌላ ሆኖ እስከ መቼ ይዘልቃል? በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲቆርጥ የብዙ አገሮች የኤች አይ ቪ ሥራ እንዴት እንደ ተናጋ አይተናል። በሰው ከዘራ የሚሄድ፣ ባለ ከዘራው የቆመ ዕለት ይወድቃል።

«ወባና ሳንባ ነቀርሳ እያሉ ለፈንገስ የሚተርፍ ገንዘብ የለም» የሚሉ አሉ። አባባሉ የሚናቅ አይደለም፤ ድሃ አገር መምረጥ አለባት። ነገር ግን ሕመምተኛው አንድ ሰው መሆኑን ይዘነጋል። ከሳንባ ነቀርሳ የዳነ ሳንባ በአስፐርጊለስ ፈንገስ ሲያዝ ነቀርሳው የተመለሰ እየመሰለ፣ ሕመምተኛው የማያስፈልገውን መድኃኒት እንደ ገና ይወስዳል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው በክሪፕቶኮከስ ከሞተ የወጣበት ሁሉ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ለፈንገስ ምርምር የሚሰጥ ብር ከነዚያ የሚነጠቅ ሳይሆን ለነዚያ የወጣውን ብር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። መደበቅ ብቻ ሳይሆን አለመፈለግም ያው ነው። የክሪፕቶኮከስን ምልክት ከጣት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳይ፣ ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት የሚያስጠነቅቅ ርካሽ መመርመሪያ ተሠርቷል። በየጤና ጣቢያው እንዲደርስና ስንት ሰው እንዳዳነ እንዲቆጠር ማድረግም ምርምር ነው፤ ምርምርም ባጀት ይጠይቃል።

እንግዲህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ዩኒቨርስቲው ለመመረቂያ ጥናቶች ከሚሰጠው ድጎማ ለፈንገስ በሽታዎች የተወሰነ ድርሻ እንዲለይ ለአስተዳደሩ ያመልክት። ሁለተኛ፣ እኛና የሕክምና ተማሪዎች አብረን ተቀምጠን ለነዚህ በሽታዎች እናቶቻችን የሚረዱት የአማርኛ ስምና መግለጫ እናዘጋጅ፤ ይህን ሥራ የአርት ፋኩልቲ ሌላ ሰው እስኪሠራለት ሊጠብቅ አይገባውም። ሦስተኛ፣ የአፍሪካ መንግሥታት በ2006 በካርቱም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው ከመቶ 1 እጅ ለምርምር ሊያውሉ ተስማምተው ነበር፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አልደረሱበትም። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ያለው በዚህችው በአዲስ አበባ ነው። ለፖስታ እንኳ ብዙ አንከፍልም። ቃላቸውን የት እንዳደረሱት በየዓመቱ በጽሑፍ እንጠይቃቸው።

መልስ ቢሰጡ በዚሁ መጽሔት እናወጣዋለን። ባይሰጡም በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤውን ደግመን እንጽፋለን።