ከሦስቱ ጣቶች በኋላስ?

ባለፈው እሑድ ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳር ያደረግነውን እንናገርና እንፈር። መስማት የተሳናቸው አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ከመንገድ መብራት ሥር ቆመው በእጃቸው ይጫወታሉ። ጨዋታቸው የፍቅር መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። እኛም አራት ሆነን ስናልፍ፣ ዐዋቂ ለመምሰል ያህል፣ አውራ ጣታችንን፣ ሌባ ጣታችንንና ትንሿን ጣታችንን ቀስረን፣ የቀሩትን ሁለቱን አጥፈን አሳየናቸው። ይህም ሁላችን ፎቶግራፍ ስንነሣ የምናሳየው «እወድሃለሁ» የሚባለው ምልክት ነው። ልጅቱ ፈገግ አለችና በእጅዋ አንድ ነገር ጠየቀችን። ምን እንዳለችን እስከ ዛሬ አናውቅም። ጥርሳችንን አሳይተን ሄድን።

ይህ ምልክት በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አጣምረው የፈጠሩት ነው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ይዞታል። (አውራ ጣቱን ማውጣት የረሳ ሰው ያሳየው ፍቅርን ሳይሆን የበሬ ቀንድ መሆኑን ይወቅ።) ከምልክቱ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ከራሳችን ጋር ነው። «እንደምን ዋልሽ» የማይል፣ «ምሳ በላህ ወይ» ብሎ የማይጠይቅ፣ «ይቅርታ» ማለት የማያውቅ ሰው ዘሎ «እወድሃለሁ» ቢል ማን ያምነዋል?

በመሠረቱ እኛ ፍቅርን በአፍ የምንናገር ሕዝብ አይደለንም። «እወድሃለሁ» ብሎ የነገረው አባት ያለው ከመካከላችን ስንቱ ነው? ፍቅርን ያወቅነው በጉርሻ፣ በትከሻ ሰላምታ፣ እናት ግንባር ስትዳስስ ነው። የቁልምጫ ቃሎቻችን እንኳ ከገላችን የተወሰዱ ናቸው፤ ሆዴ፣ ዐይኔ፣ አንጀቴ እንላለን። እንዲህ ላለ ሕዝብ የእጅ ቋንቋ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። ያው አማርኛችን ግን መስማት የተሳነውንም አላዋቂውንም «ደንቆሮ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ይሰድባል።

ይሁን እንጂ ጉርሻም ብቻውን አይበቃም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እናቲቱ ታጎርሳለች፣ ታቅፋለች፤ ተረት ልትነግረው፣ ትናንት ለምን እንደ ተቆጣችው ልታስረዳው ግን አልቻለችም። ልጁ የምልክት ቋንቋ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ እርሱም ከገባ። እንግዲህ «እወድሃለሁ» የሚለውን ቃል ከእናቱ ሳይሆን ከክፍል ጓደኛው የተቀበለ ስንት ሰው ይኖራል? በመብራቱ ሥር ያየናቸው ሁለቱ ወጣቶች የያዙት ጨዋታ ቀላል ነገር እንዳይመስለን።

«ምልክት እንጂ ቋንቋ አይደለም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለእነርሱ መልሱ አጭር ነው። ዊልያም ስቶኪ የተባለው መምህር በ1960 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዐት ያለው መሆኑን አሳይቷል። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ቋንቋ ብሎ ይጠራዋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ደግሞ የገዛ ፊደላችንን በጣት ያነባል፤ የ«ለ»ን ቅርጽ የያዘ እጅ እንቅስቃሴውን እየለወጠ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ እስከ ሎ ይደርሳል። ሰባቱን ቤት በእጅ መቁጠር! ይህን ያየ ሰው እንዴት ሳይጓጓ ይቀራል?

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ «ብንማርማ የፍቅረኞቹን ምስጢር እንሰርቃለን» አለን። እውነት ነው፣ እኛ ወደ ጆሮ ተጠግተን የምንንሾካሾከውን እነርሱ ብርሃን ባለበት፣ ሰው በሚያይበት መናገር አለባቸው። ነገር ግን ዛሬም ቆሞ የሚያፈጥባቸው፣ እጃቸውን እያስመሰለ የሚስቅባቸው ቋንቋውን የማያውቀው ነው። ያወቀ ሰው፣ በአማርኛ የሚያወጉ ፍቅረኞች አጠገብ ሲያልፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ፊቱን መለስ ያደርጋል።

ከየአገሩ ወደ ሀዋሳ የመጣን ተማሪዎች፣ አሞራ ገደል ዓሣ ለመግዛት ስንል ሁለት ሦስት የሲዳምኛ ቃል ለመልመድ ወር አልፈጀብንም። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በሳምንት አንድ ሰዓት እንዲመድብ፣ አስተማሪዎቹም መስማት የተሳናቸው ጓደኞቻችን እንዲሆኑ፣ ለድካማቸውም እንዲከፈላቸው እንጠይቃለን። መዋጮውን ከእኛ ይቀበሉ። ክፍሉ ወንበሮቹ በክብ የሚደረደሩበትና መብራቱ ደኅና የሆነ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ሁለት ፋኖስ እኛ እናመጣለን።