እግር ቢያርፍ ዓይን አይረፍ

መኪና የተሰጠውን ፍጥነት ያለ እግር እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ክሩዝ ኮንትሮልን የፈለሰፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲቶር ዓይነ ስውር ነበር። ብርሃኑን ያጣው ገና በ5 ዓመቱ ነው። ሐሳቡ የመጣለት በጠበቃው መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ እንደሆነ ይነገራል፤ ጠበቃው ሲያወራ ያዘግማል፣ ሲያዳምጥ ይፈጥናል፣ ተሳፋሪው ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይናጣል። ቲቶር የፈጠራ መብቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አገኘ፤ ክራይስለርም መሣሪያውን በ1958 ሞዴሎቹ ላይ ገጠመው። መሣሪያው የተሠራው እንግዲህ የአሽከርካሪውን እግር ለመግራት ነው፤ መንገዱን የማየቱ ሥራ ያኔም ዛሬም የሰውየው ነው። አደጋው የሚጀምረው ይህ ሲረሳ ነው እላለሁ።

ነገሩ ለእኛ የቅንጦት ወሬ መሆኑ ቀርቷል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ፍጥነትን አስሮ የሚነዳበት ቦታ ተገኝቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፊት ያለውን መኪና በራዳርና በካሜራ እየተከታተሉ ራሳቸው ፍጥነት የሚቀንሱ ናቸው። ከቻይና የመጡት ስክሪናቸውም መመሪያቸውም ቻይንኛ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህ ምክንያት ባለቤቱ የክሩዝ ኮንትሮሉን ቁልፎች ሥራ የሚማረው እየነዳ፣ እየነካካ ነው፤ ከዚህ የባሰ ትምህርት ቤት አይገኝም።

በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። በ2013 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ 90 አሽከርካሪዎች በማስመሰያ መኪና ተፈትነው ነበር፤ ክሩዝ ኮንትሮል ሲጠቀሙ ለድንገተኛ ነገር ምላሽ የሚሰጡበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በላይ ዘገየ። ከፊት መኪና ሲቆም ያቺ አንዲት ሰከንድ የሕይወትና የሞት ርቀት ናት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሥራ የፈታ እግር ከፍሬኑ ይርቃል፣ ሥራ የፈታ ሐሳብም ይከተለዋል። ዝናብ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ክሩዝ ኮንትሮል የበራበት መኪና በውኃ ላይ ተፈትልኮ ይበራል የሚባለው ማጋነን ነው፤ እውነተኛው ችግር ጎማው አስፋልቱን መልቀቅ ሲጀምር ነዳጅ የሚሰጠው እግር ሳይሆን መሣሪያው መሆኑ ነው። እግሩ ፔዳል ላይ ያለ ሰው መንሸራተቱ ሲሰማው ቀስ ብሎ ይለቃል። እግሩን ወለል ላይ ያሳረፈው ግን መጀመሪያ መሣሪያውን ማጥፋት አለበት።

ክሩዝ ኮንትሮል ከፍጥነት ወሰን እንዳላልፍ ይጠብቀኛል፣ ነዳጅም ይቆጥብልኛል የሚሉ አሉ። ሜዳ መንገድ ላይ፣ ቁጥሩን በወሰኑ ልክ ላስተካከለ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን የሰው ጠባይ ሌላ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት በቦስተን አካባቢ የሚነዱ ሰዎችን ተከታትሎ፣ የፊቱን መኪና የሚከታተለው ዘመናዊው ክሩዝ ኮንትሮል ሲበራ ከፍጥነት ወሰኑ በላይ የመንዳት ዕድላቸው በ24 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። ቁጥሩን የሚመርጠው ያው ሰው ነዋ።

«የእኔ መኪና ራሷ ፍሬን ትይዛለች» ለሚል ደግሞ መልሱ ያለው አምራቾቹ ራሳቸው በጻፉት መመሪያ ውስጥ ነው፤ ሥርዓቱ ቆሞ የሚገኝን ተሽከርካሪ፣ እግረኛን ወይም እንስሳን ላያውቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ከፈጣን መንገዱ ወጥቶ በተለመደው አስፋልት ላይ የተበላሸ ሲኖትራክ ድንጋይ ተደርጎለት መሐል መንገድ ቆሞ ሲገኝ፣ አህያና ጋሪ ሲሻገሩ፣ ራዳሩ እንደ ሰው ዓይን አይቶ ይፈርዳል ብሎ መተማመን ቁማር ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለትማ ባናነሳው ይሻላል፤ እዚያ የሚሠራው ከባድ ማርሽ ነው።

ስለዚህ የክሩዝ ኮንትሮል ቦታው የሚከፈልበት ፈጣን መንገድ ነው፤ እሱም ደረቅ ሲሆን፣ በቀን ብርሃን፣ መኪና ሲሳሳ፣ አሽከርካሪው እንቅልፍ ሳይኖርበት፣ እግሩም ከፍሬኑ አጠገብ ሳይርቅ። የአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ተቋማት ይህን ከመሪና ከማርሽ እኩል ሊያስተምሩት ይገባል፤ አስመጪዎችም መመሪያውን በአማርኛ አስተርጉመው ከቁልፉ ጋር ያስረክቡ። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም በፈጣን መንገዱ መግቢያ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ትኬት ከመቀበልዎ በፊት የክሩዝ ኮንትሮሉን ማጥፊያ ሳያዩ በጣትዎ ማግኘት መቻልዎን ያረጋግጡ።