ማን ገለጸው?

በየዓመቱ ክረምቱ ሲቃረብ የዜና ክፍላችን በር ላይ ሁለት ሦስት ወጣቶች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው ይቆማሉ። የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ናቸው፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ የተላኩ። ዘንድሮ ከመጡት አንዷን ውኃ ጠፋ ወደተባለበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር ላክኋት። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ አንድ ገጽ ሰጠችኝ። መግቢያው እንዲህ ይላል፦ «በአካባቢው የሚስተዋለው የውኃ አቅርቦት እጥረት ለነዋሪዎች ከፍተኛ ተግዳሮት መሆኑ ተገለጸ።»

«ማን ገለጸው?» አልኳት።

«ነዋሪዎቹ።»

«ምን አሉሽ?»

ያን ጊዜ አፏ ተፈታ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ውኃው የሚመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቧንቧውን ከፍተው፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅነው ይተኛሉ። «መጀመሪያ ያስነጥሳል፤ እሱን ስሰማ እነሳለሁ» ብለዋታል። ባልመጣበት ቀን ከታች በጀሪካን የሚያወጣላቸው ልጅ አለ፤ የሚከፍሉት በፎቅ ልክ ነው፤ አንደኛ ፎቅና አራተኛ ፎቅ ዋጋው አንድ አይደለም። እጇን እያወራጨች፣ የሴትዮዋን ድምፅ እያስመሰለች ነገረችኝ።

«ታዲያ ይኼን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ዜና አይመስልማ፣ ጋሼ።»

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ውጤቷን አይቼዋለሁ፤ ከእኔ የትናየት ይበልጣል። ግን ገና ተማሪ ሳለች «ተገለጸ» ይዟታል። ከየት እንደያዛት አውቃለሁ፤ እኔንም ይዞኝ ነበርና።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1998 ነው። ከምርጫ 97 ማግስት ብዙ የግል ጋዜጦች የተዘጉበት፣ አዘጋጆቻቸው የታሰሩበት ዓመት ነበር። እኛ ደግሞ ክፍል ውስጥ ፕሬስ አራተኛው የመንግሥት አካል መሆኑን በእንግሊዝኛ እንሸመድድ ነበር። የወጪ መጋራት ውል ፈርመን፣ ፎቶ ኮፒ የሆነ ሃንድአውት ተሻምተን፣ ለሃምሳ ተማሪ አንዲት ካሜራ ይዘን ተማርን። «ይዘን» አልኩ እንጂ ካሜራዋስ ንብረት ክፍል ተቆልፎባት ነበር የምትኖረው። ስለ ዕቃ ማላዘን ግን አልፈልግም፤ ዛሬ ካሜራው በየተማሪው ኪስ አለ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ በአማርኛ የጻፍኩት አንድም ዜና በመምህር እጅ ታርሞ አልተመለሰልኝም። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ደግሞ ለእንጀራዬ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት አንድ መስመር የለም።

ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን መዝገበ ቃላት ይበቃው ነበር። የተገለበጠውን ፒራሚድ እንውሰድ። ዋናው ነገር አናት ላይ ይቀመጥ፣ ዝርዝሩ ወደ ታች ይውረድ የሚለውን ሕግ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። በእንግሊዝኛ ሕጉ በተፈጥሮው ይሠራል፤ ግሱ ከባለቤቱ አጠገብ ስለሚቆም ምክር ቤቱ ብድሩን መጣሉ በሦስተኛው ቃል ይታወቃል። አማርኛ ግን ግሱን ቋጥሮ የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ምክር ቤቱ ትናንት ባካሄደው መደበኛ ስብሰባ፣ ለመንገድ ግንባታ እንዲውል ከውጭ ለመበደር ታስቦ በቋሚ ኮሚቴው ሲመረመር የቆየውን የብድር ስምምነት…»፤ አጸደቀው ወይስ ጣለው? አንባቢው እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ትንፋሹን ይዞ መጠበቅ አለበት። ፒራሚዱን ገልብጠን ስናበቃ ቋንቋችን መልሶ ይገለብጥብናል። መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መስበር፣ «ብድሩ ጸደቀ» ብሎ ጀምሮ የቀረውን ማስከተል ይቻላል። ግን ይኼን የነገረን መጽሐፍ አልነበረም።

የነገረን አንድ ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ሰው ነው። ለአንድ መንፈቅ በትርፍ ሰዓት ሊያስተምረን መጥቶ የየራሳችንን ጽሑፍ ቆመን እንድናነብ ያደርገን ነበር። ተማሪው መሃል ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው እጁን ያነሳና «እዚያ ጋ አራት ነጥብ አስቀምጥ» ይላል። ሌላ ትምህርት አልሰጠንም ማለት ይቻላል። በቀጣዩ መንፈቅ አልተመለሰም፤ ማስተርስ የለውም ተባለ። በእሱ ቦታ የመጣልን መምህር ማስተርሱ ነበረው፤ ዜና ክፍል ግን አንድ ቀን ውሎ አያውቅም።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የመኪና አደጋ ዜና በእጄ አለፈ። ሾፌሩና አብሮት የነበረው ሥራ አስኪያጅ እዚያው በአንድ ቅጽበት ነው ያለቁት። ዜናው «ሥራ አስኪያጁ ሕይወታቸው ሲያልፍ ሾፌሩም ሞቷል» ይላል። ያረምኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት ፊደል አልነካሁም። በማግስቱ አንዲት ሴት ደወለች። አልጮኸችም።

«ሾፌሩ አባቴ ናቸው» አለች። «ዕድሜያቸው 61 ነው፤ ከዚያኛው ሰውዬ ይበልጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ሕይወታቸው ካለፈ የእኔ አባት ለምን ሞተ?»

ማስተካከያ ላውጣ ብዬ አሰብኩ። ምን ብዬ? ስሙ ልክ ነው፣ ዕድሜው ልክ ነው፣ ቦታውና ሰዓቱ ልክ ነው።

በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ዳይድ» ናቸው፤ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። እኛ ግን አንድን ሰው እሱ ወይም እሳቸው ሳንል ግስ ማሰር አንችልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ፍርድ እንሰጣለን። ኪስ አውላቂው «ተያዘ»፤ በሙስና የተጠረጠሩት ኃላፊ «በቁጥጥር ሥር ዋሉ»። ሁለቱም ገና ተጠርጣሪ ናቸው። ሚዛናዊነት የሚለውን ምዕራፍ ሁላችንም ኤ አምጥተንበታል፤ ሚዛኑ ግን የሚያዘነብለው እዚህች የግስ ጭራ ላይ ነው። በውጭ አገር የተጻፈ የጋዜጠኝነት መጽሐፍ ስለዚህ ምዕራፍ ሊኖረው አይችልም። ምዕራፉን መጻፍ የነበረበት የእኛ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዓሉ ግርማስ ጋዜጠኝነት ያጠናው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አይደለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ነው። ተመልሶም መነን መጽሔትን አዘጋጀ፣ አዲስ ዘመንን መራ። (ደራሲ ስለሆነ «አንተ» አልኩት፤ የዚህም ደንብ የትም አልተጻፈም።) በዓሉማ የትም ቢማር ይጽፍ ነበር። ሥርዓተ ትምህርት የሚቀረጸው ግን ለእሱ ዓይነቱ ሳይሆን ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ይልቅ የሚከብደው መከራከሪያ «በየትኛው ቋንቋ?» የሚለው ነው። ዶርም የተጋራኋቸው ልጆች አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከአድዋ፣ አንዱ ከጎዴ ነበሩ። ሁሉን አማርኛ ጻፉ ማለት ፍትሕ አይደለም፤ እንግሊዝኛው ቢያንስ ሁላችንንም እኩል ያስቸግረን ነበር። ይኼን አልክድም። ግን አዲስ ዘመንን፣ በሪሳን፣ አል ዓለምንና ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድን የሚያሳትመውን የመንግሥት ፕሬስ ተመልከቱ፤ ከአራቱ ጋዜጦች በእንግሊዝኛ የሚወጣው አንዱ ነው። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ይማር፤ የዜና አጻጻፉን ኮርስ ግን ሊሠራበት ባሰበው ቋንቋ ጽፎ ይታረምለት። ማን ያርመዋል? እኔ በተማርኩበት ግቢ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ መምህራን ቢሮ ከእኛው በላይ ባለው ፎቅ ነበር። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ እኛ ክፍል ሲወርዱ አላየሁም፤ እኛም አልወጣንም።

አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተና መኖሩን አልቃወምም። ግን የጋዜጠኝነት ተማሪም እንደማንኛውም ተማሪ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ትክክለኛውን መልስ ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ጋዜጠኛ መሆኑ ይረጋገጥለታል። ልብስ ሰፊ እንኳ ሲቀጠር ጨርቅና መቀስ ይሰጠዋል።

ልጅቷ የውኃውን ዜና ሦስቴ ጻፈችው። በሦስተኛው ላይ የሚያስነጥሰው ቧንቧ መግቢያው ላይ ወጣ፤ «ተገለጸ» ግን ከአንድ ቦታ አልወጣላትም፣ እኔ አወጣሁት። ልምምዷን ስትጨርስ ከዩኒቨርሲቲዋ የመጣውን የምዘና ቅጽ ሰጠችኝ። ሰዓት ማክበር፣ ከባልደረባ ጋር መግባባት፣ አለባበስ ሳይቀር ከአምስት ይታረማል። የጻፈችውን የሚመለከት አንድ ሳጥን አለ፤ እሱም ስለ እንግሊዝኛ ችሎታዋ የሚጠይቅ ነው። ባዶ ተውኩትና ከታች ባለው የአስተያየት ቦታ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሴትዮዋና ስለ ሦስቱ ረቂቆች ግማሽ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩ። በሳምንቱ ቅጹ ተመለሰ። ጫፉ ላይ በእስክሪብቶ «በእንግሊዝኛ ተሞልቶ ይላክ» ተብሎበታል፤ በአማርኛ።