«ይተኙ፣ አይነሱ!» — የዳሌ ስብራትና የቤተሰብ ድርሻ

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምንነጋገረው በየቤታችን ስላሉት አዛውንት እናቶችና አባቶች ነው። በተለይም ወድቀው ዳሌያቸው ስለሚሰበርና ከዚያም ቤተሰባቸው ለእነርሱ በማዘን በሚፈጽመው ነገር የተነሳ ከአልጋ ሳይወርዱ ስለሚቀሩት ነው።

አወዳደቁን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እናት ለሱብሒ ከሁሉም ቀድመው ይነሳሉ። የተኛውን ላለመቀስቀስ መብራት አያበሩም። የውዱእ ውሃ የፈሰሰበት ሲሚንቶ፣ ሶሉ ያለቀ የላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ ጨለማው... በጎናቸው ይወድቃሉ። ይህ አወዳደቅ ወጣቱን አበልዞ የሚተው ቢሆንም፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አጥንታቸው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ለመጣ እናት ግን ዳሌ ለመስበር ይበቃል።

እዚህ ላይ የዳሌ አንጓ እንዴት እንደተሠራ ጥቂት እንበል። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። የዳሌ አጥንት ደግሞ ይህን ኳስ የሚያቅፍ ጎድጓዳ ሥፍራ አለው። ዙሪያውን ብርቱ ጅማቶች ያስሩታል። ሱብሐነላህ! ለቂያም የምንቆመው፣ ለሩኩዕ የምናጎነብሰው፣ ወደ ሱጁድ ወርደን የምንነሳው በዚህ አንጓ ነው። ስንራመድ በአንድ እግር በምንቆምባት ቅጽበት የሚሸከመው ክብደታችንን ብቻ አይደለም። ወገባችን ወደ ተነሳው እግር እንዳያጋድል በዳሌያችን ጎን ያለው ጡንቻ በኃይል ስለሚስብ፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስትራመድ በአንድ ዳሌዋ ላይ የሚያርፈው ጫና 150 ኪሎ ያህል ይደርሳል።

ኳሱን ከጭን አጥንት ግንድ ጋር የሚያያይዘው ቀጠን ያለ «አንገት» ሲሆን፣ በአዛውንት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ይህ ወይም ከእርሱ ዝቅ ያለው ክፍል ነው። ለኳሱ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው አንገቱን ተከትለው የሚያልፉ በመሆናቸው፣ አንገቱ ሲሰበር እነርሱም ሊበጠሱ ይችላሉ። ደም ያጣ አጥንት ደግሞ አይጠገንም፣ ይሞታል። ሐኪሞች በብዙ አዛውንት ላይ ኳሱን አውጥተው በሰው ሠራሽ የሚተኩት ለዚህ ነው። ዝቅ ብሎ የተሰበረው ክፍል ግን ደም ስለሚያገኝ በብረት ተይዞ ይጠገናል። ሰው ሠራሽ ዳሌ አዲስ ሙከራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ዛሬ ለምንጠቀምበት ዓይነት መሠረት የጣለው በ1962 እ.ኤ.አ. መሆኑን ይወቅልን።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው። የወደቁት እናት መነሳት ያቅታቸዋል፤ ብሽሽታቸውን ያማቸዋል፤ የተጎዳው እግር ከሌላው አጥሮ ጣቶቹ ወደ ውጭ ይዞራሉ። ይሁን እንጂ ስብራቱ ተጣብቆ የቆየ እንደሆነ እያነከሱ የሚራመዱም አሉ። ሕመሙን ጉልበታቸው ላይ የሚናገሩም አይጠፉም፤ የዳሌና የጉልበት ነርቭ የሚጋሩት መንገድ አለና። ስለሆነም ከወደቁ በኋላ ብሽሽታቸውን ወይም ጉልበታቸውን ያመማቸው አዛውንት ራጅ ሳይነሱ «ወለም ብሏቸው ነው» ተብሎ መተው የለበትም። ወጌሻን ለመንቀፍ አንነሳም። ነገር ግን ይህ ስብራት በወፍራም ጡንቻ ሥር የተደበቀ በመሆኑ በቀርከሃ ታስሮም ሆነ በቅቤ ታሽቶ የሚገጥም አይደለም። መታሸቱ ሥቃይ ከመጨመር በቀር የሚያተርፈው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዘመድ ጎረቤቱ ለዚያራ ይመጣል። የታመመን መጠየቅ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ግን ሁሉም ገብቶ የሚለው አንድ ነው፦ «እማማ፣ ይተኙ፣ አይነሱ!» ልጆችም ይታዘዛሉ። ሾርባው አልጋ ላይ፣ ሽንቱም አልጋ ላይ ይሆናል። ከአንድ ሳምንት በኋላ የጭን ጡንቻ ይሟሽሻል። በጀርባ መተኛት ሳንባን ለምች ያጋልጣል፣ በእግር ሥር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ወገብና ተረከዝ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አዛውንት ውስጥ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ከአምስቱ አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ይሞታል። ለዚህም ከአልጋ አለመነሳት የሚያስከትላቸው በሽታዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። በብሪታኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕክምና መመሪያ ቀዶ ሕክምናው በገቡበት ዕለት ወይም በማግሥቱ እንዲደረግ፣ ከቀዶ ሕክምናውም በማግሥቱ በሽተኛው እንዲነሳ ያዘዘው ይህን በማየት ነው። በእኛ አገር ወረፋውም ወጪውም እንደሚያዘገይ እናውቃለን። ከተቻለ ዘመድ ለጥየቃ ይዞት የሚመጣውን ለዚህ ቢያዋጣው እንዴት መልካም ነበር!

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን የሚያደርገው አልጋው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በባለ አራት እግር መደገፊያ ማቆም ነው። ተኝተው ሳሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ደሙ እንዳይረጋ ይረዳል። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻቸውንም እያጠበቁ ይለቃሉ። ሲበረቱ ጠረጴዛ ይዘው እግራቸውን ወደ ጎን መክፈት፣ ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ ይከተላል። ማስታገሻቸውን ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መስጠት ያግዛል። የሚደግፋቸውም ሰው ክንዳቸውን አይጎትት፤ ወገባቸውን ይያዝ። ምርኩዝ ሲጀምሩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ምርኩዙ የሚያዘው በተጎዳው ዳሌ በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። እንዲህ ሲሆን ያ የጎን ጡንቻ በኃይል መሳቡ ይቀርለትና በታመመው ዳሌ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ካልተገኘችም መሕረም ባለበት፣ አብዛኛውን ልምምድ ከነልብሳቸው ማድረግ ይቻላል።

ዳሌያቸው በሰው ሠራሽ የተተካላቸው እናቶች ሌላ ጥንቃቄ አለባቸው። ኳሱ እንዳይወልቅ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ ዳሌያቸውን ከቀጥተኛ ማዕዘን በላይ እንዳያጥፉ፣ እግራቸውን እንዳያነባብሩ፣ ወደ ውስጥም እንዳያዞሩ ያዛል። ይህ ማለት ቡና የሚፈላበት በርጩማ፣ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ሁሉ ለጊዜው ክልክል ነው ማለት ነው። ከፍ ያለ ወንበር ይዘጋጅላቸው። ለሽንት ቤቱም አናጢ መሐሉን የበሳው ጠንካራ ወንበር ይበቃል።

እናቶቻችንን የሚያስለቅሳቸው ግን ሶላቱ ነው። «ግንባሬ መሬት ካልነካ ምን ሶላት አለኝ?» ይላሉ። ዒምራን ኢብን ሑሶይን (ረ.ዐ.) በሕመማቸው ምክንያት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው፣ መቆም ካልቻሉ ተቀምጠው፣ መቀመጥም ካልቻሉ በጎናቸው እንዲሰግዱ እንደተነገራቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሰግዱ ለሩኩዕ ጥቂት፣ ለሱጁድ ደግሞ ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ ሐኪሙ የፈቀደውን ማዕዘን ሳያልፉ ያጎነብሳሉ። መቆም የሚችሉት ቂያሙን ቆመው ይስገዱ ወይስ ይቀመጡ በሚለው ላይ የመዝሀቦች አስተያየት ስለሚለያይ የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ። በፊዚዮቴራፒ በኩል ከታየ ግን፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ወንበር ይዘው በቀን አምስት ጊዜ መቆማቸው ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው።

አንዱን ዳሌ የሰበረ ሰው ሁለተኛውንም የመስበር ዕድሉ ከሌላው ሰው የበለጠ ነው። ስለሆነም እናታችሁ ከሆስፒታል ከመመለሳቸው በፊት ቤቱን እዩት። ውዱእ የሚያደርጉበት ቦታ ደረቅ ይሁን፣ ግድግዳው ላይ የሚይዙት ብረት ይተከል፣ ወንበር ይቀመጥ። የሚጠቀለለው ምንጣፍ ይነሳ። ነጠላ ጫማው ቀርቶ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይገዛላቸው። ቀን ቀን በግቢያቸው ውስጥ ፊታቸውና ክንዳቸው ፀሐይ ያግኝ፤ አጥንት ያለ ቫይታሚን ዲ አይጠነክርም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከአልጋ ሲነሱ ራሳቸውን ያዞራቸው እንደሆነ ጠይቋቸውና ለሐኪሙ ንገሩ። ኮሪደሩ ላይ ሌሊቱን የሚያድር ትንሽ አምፖል ይኑር፣ ለሱብሒ ሲነሱም ከልጆች አንዱ አብሯቸው ይነሳ።