ጉልበቱ ስላላመመው ብቻ ልጅዎን ወደ ሜዳ አይመልሱት



«ዶክተር፣ ልጄ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ስድስት ወሩ ነው። አያመውም፣ አያነክስም። ኳስ ይጫወት?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጉልበቱ ተለክቷል ወይ?

ኳስ ተጫዋቾች ላይ በብዛት ከሚበጠሱት የጉልበት ጅማቶች አንዱ ኤሲኤል ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካቸው፣ በድንገት ሲዞሩ ወይም ከዝላይ ሲያርፉ ነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከታካሚው ሰውነት ሌላ ጅማት ወስዶ ይተካዋል። ሕመሙና እብጠቱ በጥቂት ወራት ይጠፋል። የተተካው ጅማት በደንብ እስኪጠነክር ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የጭኑም ጡንቻ ይሳሳል። ሰውነት ደግሞ ዘዴኛ ስለሆነ ሳናውቀው ጫናውን ወደ ጤነኛው እግር ያሸጋግራል። ስለዚህ ልጁ ሲራመድ ደህና ይመስላል፤ ድክመቱ የሚወጣው ሜዳ ላይ ነው።

ይህን ድብቅ ድክመት ለማየት በሌላው ዓለም እንቅስቃሴን የሚለኩ ሴንሰሮችን እየተጠቀሙ ነው። መሣሪያው ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ጭንና ቅልጥም ላይ ይታሰራል። ስልካችሁን ስታዞሩ ስክሪኑን አብሮ የሚያዞረው ዓይነት ሴንሰር ነው ውስጡ ያለው። ልጁ ሲዘል፣ ሲያርፍና ሲዞር በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየለካ፣ ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈና ሁለቱ እግሮች ምን ያህል እንደሚለያዩ ያሳያል። ዓይን የሚያመልጠውን ይይዛል።

ቢሆንም ሴንሰሩ ጠንቋይ አይደለም። «ይህ ልጅ ይጎዳል፣ ያኛው አይጎዳም» ብሎ መናገር አይችልም። ዕድሜ፣ የስፖርቱ ዓይነትና የተመለሰበት ጊዜም ይወስናሉ። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ሆኖ ወደ ስፖርት ከተመለሱት መካከል ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ያንኑ ወይም ሌላኛውን ጉልበቱን እንደገና ይጎዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የኦስሎና የዴላዌር ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የሊቨርፑሉን ቫን ዳይክ አስታውሱ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጉልበቱን ተጎዳ፤ ወደ ጨዋታ የተመለሰው በሐምሌ ነው። በመሃል የአውሮፓ ዋንጫ አመለጠው። ምርጥ ሐኪምና መሣሪያ የነበረው ሰው ዘጠኝ ወር ከጠበቀ፣ ለትምህርት ቤት ዋንጫ ብለን ልጃችንን በስድስተኛው ወር የምናቻኩለው ለምንድን ነው?

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ቦንጋ ላይ ሆነን ሴንሰር እስኪመጣልን አንጠብቅ፤ ሳይለካም አንመልስ። ቀዶ ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ መዝለል ሲፈቅድ፣ በባለሙያ ፊት የሚከተለው ይደረግ።

1. በሜትር መለካት። ልጁ በአንድ እግሩ ወደ ፊት ዘሎ በዚያው እግር ይረፍ። ጤነኛው 150 ሴንቲ ሜትር ከዘለለ፣ የታከመው ቢያንስ 135 (90 በመቶ) መድረስ አለበት። 120 ከሆነ 80 በመቶ ነው፤ ገና ነው።

2. በስልክ መቅረጽ። ርቀቱ ብቻ ያታልላል፤ ዳሌና ቁርጭምጭሚት የጉልበቱን ሥራ ሊሸፍኑለት ይችላሉ። ሲያርፍ ከፊትና ከጎን በስሎው ሞሽን ቅረጹት። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል? ሳይታጠፍ ደርቆ ያርፋል? ቪዲዮውን በቴሌግራም አዲስ አበባ ወይም ጅማ ላለው ባለሙያ መላክ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ክትትል የመኪና ወጪ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል።

3. የጡንቻ ጥንካሬን ማስመርመር። ጤነኛውም እግር በእረፍት ብዛት ስለሚደክም፣ «እኩል ናቸው» ማለት ብቻውን «ጠንካራ ናቸው» ማለት አይደለም።

ይህ ለኳስ ተጫዋች ብቻ አይደለም። በካፋ ቁልቁለት፣ በክረምት ጭቃ፣ ቡና ተሸክሞ የሚወርድ አባወራ ጉልበቱን የሚፈትነው እንደ ተጫዋቹ ነው። «መቼ ሥራ ልጀምር?» ሲል ለእሱም መልሱ በልኬት ይሁን።

ወጌሻ ጋ የምትሄዱም፣ አደራ፣ የተተካ ጅማት ያለበትን ጉልበት አታሳሹ፣ አታስጎትቱ። ከእንቅስቃሴ በኋላ ጉልበቱ ካበጠ፣ ከከዳው ወይም ታጥፎ አልዘረጋ ካለ ልምምዱን አቁሞ ወደ ሕክምና ይምጣ። ቅልጥሙ በድንገት አብጦ ካመመው ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይድረስ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን «ስንት ወር ሆነው?» ብቻ አትበሉ። «የታከመው እግሩ ከጤነኛው ስንት በመቶ ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን በካርዱ ላይ አስጽፉ። ልጅ የቀረበትን ጨዋታ በሚቀጥለው ዓመት ያገኘዋል፤ ሁለት ጊዜ የተበጠሰ ጉልበት ግን እንደ መጀመሪያው አይመለስም።

መልካም ጤና።